አጥንት ማክሰኞን አይጠብቅም፦ ለአንድ የባሕር ዳር ሆስፒታል ቦርድና አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የሆስፒታሉ ሥራ አመራር ቦርድ አባላትና የአስተዳደር ኃላፊዎች፤
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ የአጥንት ክትትልና የጀሶ ክፍል ወደ ፎቅ መዛወሩንና ወደ ሳምንት አንድ ቀን መቀነሱን ይመለከታል

ጤና ይስጥልን።

እኛ በሆስፒታላችሁ የአጥንት ክትትል ክፍል የምንታከም ሰዎችና አስታማሚ ቤተሰቦች ነን። መሃላችን የባጃጅ ሹፌር አለ። አሸዋ ጫኝ አለ። ከዘጌና ከደቅ በጀልባ የሚመጣ ገበሬ አለ። ጉልበታቸው አልታጠፍ ያላቸው እናቶች አሉ። እግራቸው ቆልማማ ሆኖ የተወለዱ ሕፃናትን ያቀፉ ወላጆችም አሉ፤ ጥቂት አይደሉም። የሆስፒታሉን ስም እዚህ አልጻፍንም። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እኛም እናውቀዋለን። የፈለግነው ማሳጣት ሳይሆን እንዲስተካከልልን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክረምቱ ሲወጣ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ሁለት መስመር ናት። የአጥንት ክትትልና የጀሶ ክፍል ወደ አንደኛ ፎቅ መዛወሩን፣ አገልግሎቱም ከዚያን ቀን ጀምሮ ማክሰኞ ማክሰኞ ብቻ እንደሚሰጥ ትናገራለች። ማኅተም አላት፤ ፊርማ አላት፤ ምክንያት የላትም። ክፍሉ ቀድሞ ምድር ቤት ነበር፤ ከሰኞ እስከ ዓርብም ይሠራ ነበር። አሁን በቦታው ጠረጴዛና ፋይል ገብቶበታል። ሄደን ጠየቅን። «ከላይ የመጣ ነው» ተባልን። ከላይ ያላችሁት እናንተ ስለሆናችሁ ይኸው ጻፍንላችሁ።

ከሕፃናቱ እንጀምር።

ቆልማማ እግር ብርቅ ነገር አይደለም። ከሺህ ሕፃናት አንዱ ገደማ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል። እናቱ ያጠፋችው ነገር የለም። እርግማን አይደለም፤ መጋኛም አልመታውም። ሕክምናውም ይታወቃል። ኢግናሲዮ ፖንሴቲ የሚባሉ፣ ስፔን ተወልደው አሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ የሠሩ ሐኪም ያመጡት ዘዴ ነው፤ ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት እሱ ነው። ቢላ አያበዛም። ባለሙያው የሕፃኑን እግር በእጁ ቀስ እያለ ያቃናል። ያቃናውን በጀሶ ያስረዋል። በሳምንቱ ይፈታዋል፣ ትንሽ ጨምሮ ያቃናዋል፣ እንደገና ያስረዋል። አምስት ስድስት ጀሶ ላይ ሲደርስ እግሩ መልክ ይይዛል። ከዚያ አብዛኞቹ ላይ የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዶ ሕክምና ይለቀቅና የመጨረሻው ጀሶ ሦስት ሳምንት ይቆያል። ቀጥሎ በዘንግ የተያያዘ ጫማ አለ። መጀመሪያ ሦስት ወር ቀንም ሌሊትም ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ልጁ አራት ዓመት ገደማ እስኪሆነው በእንቅልፍ ሰዓት ብቻ።

ይህን የምንዘረዝረው እናንተ አታውቁትም ብለን አይደለም። ማስታወቂያውን ያረቀቀው ሰው ያወቀው ስላልመሰለን ነው። ሕክምናው የቆመው በሳምንት ቆጠራ ላይ ነው። ያ ሳምንት ደግሞ አሁን በአንዲት ቀን ላይ ተንጠልጥሏል። ማክሰኞ በዓል ከዋለ ሳምንቱ ሁለት ሳምንት ይሆናል። ባለሙያው ሥልጠና ከተጠራ ያው ነው። ጀሶ ካለቀም ያው። ሕፃን በየቀኑ ያድጋል፤ ጀሶ አያድግም። ወይ ይጠብበታል ወይ ይንሸራተታል። የተንሸራተተ ጀሶ እግሩን ካልሆነ ቦታ ይዞ ይቆማል፤ ቆዳውንም ያቆስላል።

እስቲ የማክሰኞን ንጋት እንያት። እናትየው ገና ሳይነጋ ትነሳለች። ለብ ያለ ውኃ ሳፋ ላይ ትገለብጥና የልጁን እግር ከነጀሶው ትነክረዋለች። ትንሽ ኮምጣጤ ጠብ የምታደርግም አለች፤ ቶሎ ያለሰልሰዋል ብለው እዚያው የነገሯት ናቸው። ልጁ ያለቅሳል። ጀሶው ሲርስ ጫፉን ፈልጋ እንደ ፋሻ ትተረትረዋለች። ነጭ ጭቃ ነው፤ ጥፍሯ ውስጥ ይገባል፤ ቀሚሷ ላይ ይደርቃል። ሲያልቅ የልጁን እግር ታጥብና ቅባት ትቀባዋለች፤ በነጠላ ጠቅልላ ትወጣለች። ለምን ቤት ፈታችው ብትሉ፣ «ፈትታችሁ ኑ፤ እዚህ የሚፈታ ሰው የለም» ስለተባለ ነው።

አሁን አስቡት። ያንን እግር ፈትታ መጥታ «ወረፋው ሞልቷል፤ ለሚቀጥለው ማክሰኞ» ብትባልስ? ብትባል ስንል ምሳሌ እየሰጠን አይደለም። ተብላለች። ከዘጌ በጀልባ የመጣች ወጣት እናት ናት፤ የበኩር ልጇ ነው። ባዶ እግሩን አቅፋ ተመለሰች። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሐይቁ ስለተናወጠ ጀልባው አልተነሳም። በሦስተኛው ስትመጣ ባለሙያው እግሩን አገላብጦ አየና ከመጀመሪያው መጀመር ሊኖርብን ነው አላት። የጀልባ ተከፍሏል፤ የባጃጅ ተከፍሏል፤ ልጁ አልቅሷል፤ ሁሉም ከዜሮ። የዚያን ዕለት ባሏ «ይኸው ነው የእኛ ዕድል» ብሎ ሊያስቆማት ነበር። እንዳላስቆማት የምናውቀው አብረናት ስለለመንነው ነው። የሌሎቹን አናውቅም። ከዝርዝሩ የጠፉ ልጆች አሉ፤ ፋይላቸው እናንተ ጋ ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማን ቀረ፣ ለምን ቀረ ብሎ ቢደውል መልሱን ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው ነገር የሚያስፈራን ነው።

አጥንት በተሰበረ ማግስት እጅ ወይም እግር ያብጣል። በዙሪያው ጀሶ ካለ እብጠቱ መውጫ ስለሚያጣ ወደ ውስጥ ይጫናል። ግፊቱ ሲበዛ ደም ወደ ጡንቻና ወደ ነርቭ መድረስ ያቆማል። ስድስት ሰዓት ገደማ እንዲህ ከቆየ የሚደርሰው ጉዳት አይመለስም። ጡንቻው ይሞትና በጠባሳ ይኮማተራል፤ ጣቶች ወደ ውስጥ ታጥፈው ይቀራሉ። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፎልክማን ይህን በ1881 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። አዲስ ግኝት አይደለም።

ከእኛ ውስጥ ያለ አንድ ልጅ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ክንዱ ከክርኑ በላይ ተሰበረ። ማክሰኞ ታሰረ። ማክሰኞ ሌሊት አላስተኛ አለ። ማስታገሻ ሰጡት፤ አልሠራም። ጣቶቹ አብጠው ቀዝቅዘው ነበር። አባቱ ጣቱን ሊዘረጋለት ሲሞክር ጮኸ። ረቡዕ ማለዳ ይዞት መጣ። በሩ ላይ «አጥንት ማክሰኞ ነው» ተባለ። ድንገተኛ ክፍል ሄደ፤ መጀመሪያ ካርድ አውጣ ተባለ። ካርድ ክፍል ሄደ፤ የትናንቱ ካርድ ፎቅ ላይ ነው፣ ፎቁ ደግሞ ተቆልፏል ተባለ። በመጨረሻ ጀሶውን ሰንጥቃ የከፈተችለት ተረኛ ነርስ ናት፤ ማንንም ሳትጠይቅ። ያን ጊዜ ረፍዶ ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ ይጫወታል። በዚያ እጁ ግን ሦስት ጣቶቹ እስካሁን አልተዘረጉም፤ እርሳስ የሚይዘውም በዚያ እጅ ነበር።

እዚህ ላይ ለሌላው አንባቢም አንድ ነገር እንበል፤ ደብዳቤው ግልጽ ነውና። ጀሶ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ በማስታገሻ አልበርድ ካለ፣ ጣት ሲዘረጋ ስቃዩ ከጨመረ፣ ጣቶች ከደነዘዙ፣ ከገረጡ ወይም ከቀዘቀዙ ቀጠሮ አይጠበቅም። በዚያው ሰዓት፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ጀሶው መከፈት አለበት። ይህ በወረቀት ታትሞ ለእያንዳንዱ ጀሶ ለታሰረ ሰው ሊሰጥ የሚገባ ነበር። እኛ ግን እየተማርነው ያለነው ወረፋ ላይ ተቀምጠን አንዳችን ከሌላችን ነው።

ወደ ደረጃው እንምጣ።

በእውነት ከሆስፒታሉ ክፍሎች ሁሉ ፎቅ ላይ ይውጣ ተብሎ የተመረጠው የአጥንት ክፍል መሆኑን ስንሰማ መጀመሪያ ቀልድ መስሎን ነበር። ጆሮ የሚያመው ሰው ደረጃ ይወጣል። ጥርስ የሚያመውም ይወጣል። ፋይልማ ማንም ተሸክሞት ይወጣል። እግሩ የተሰበረ ሰው ነው የማይወጣው! ሊፍት የለም። የዊልቸር መውጫ የለም። የእጅ መደገፊያው ባንድ በኩል ብቻ ነው፤ እሱም መታጠፊያው ላይ ተነቅሏል።

አሁን ደረጃው ሥር ሰው እያዘሉ የሚያወጡ ጎረምሶች ቆመዋል። ዋጋ አላቸው፤ ለወፍራም ሰው ይጨምራሉ። አንፈርድባቸውም፤ ሥራ ነው፤ ሥራውን የፈጠራችሁላቸው ግን እናንተ ናችሁ። ከሐሙሲት በኩል በቃሬዛ የመጡ፣ የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ እናታችንን አራት ሰው ሲያወጣቸው አይተናል። መታጠፊያው ላይ ቃሬዛው አልዞር አለ። ከቃሬዛ አንሥተው በጋቢ ጠቀለሏቸውና እንደ ጆንያ ይዘዋቸው ወጡ። እማማ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጋቢውን በጥርሳቸው ነክሰው ነበር።

የሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ ሕንፃ ደረጃ መውጣት ለማይችል ሰው መግቢያ እንዲኖረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 በ2001 ደንግጓል። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠራም ሆነ የታደሰ ሕንፃ እንዲህ ሆኖ ሲገኝ ተጠያቂው ማነው? ሊፍት ዛሬውኑ አስገቡ አንልም። ውድ እንደሆነ ይገባናል። ምድር ቤት ያለውን ጠረጴዛ ወደ ላይ አውጡትና እኛን ወደ ታች አውርዱን ነው የምንለው። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ አንድ ከሰዓት በኋላና ጥቂት ተሸካሚ ይበቃል። ተሸካሚዎቹንማ እናውቃቸዋለን፤ ደረጃው ሥር ናቸው።

ስለ ወጌሻም መናገር አለብን፤ ስማችን ሁሌ ከሱ ጋር ይነሳልና። ባለሙያዎቻችሁ «ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ አበላሽታችሁ መጣችሁ» ይሉናል። አንዳንዴ እውነት ነው። በቀርከሃ ስንጥር ጠፍሮ የታሰረ የሕፃን እጅ ጠቁሮ ሲቆረጥ ያየ ሰው አይረሳውም። የተሰበረ አጥንት እያሹ ማንቀሳቀስም ነርቭና የደም ሥር ይጎዳል። ወለምታ የሚያውቅ ጥሩ ወጌሻ እንዳለም እናውቃለን፤ ሁሉንም ባንድ ዓይን አናይም። ግን ሰው ወደዚያ የሚሄደው ለምን ይመስላችኋል? ባላገር ስለሆነ? ሐሙስ ዕለት ከባጃጅ የወደቀ ሰው የባሕር ዳር ልጅ ነው፤ ስልክ አለው፤ ያነባል። ሐሙስ ግን ክፍሉ ዝግ ነው። ወጌሻው ሐሙስ አለ። እሑድም አለ። ቤት ድረስ ይመጣል። ካርድ አይልም፤ ፎቅም የለውም፤ ገንዘቡን በኋላ ትሰጠዋለህ። «ማክሰኞ ብቻ» ብላችሁ ስትለጥፉ ማስታወቂያ የሠራችሁት ለወጌሻው ነው።

የነርቭ ጉዳይ ደግሞ ጭራሽ ተረስቷል። የላይኛው ክንዱ ተሰብሮ የእጁ አንጓ የተንጠለጠለበት የባጃጅ ሹፌር አለን። እጁን ቀና ማድረግ አይችልም። አጥንቱን ተከትሎ የሚሄደው ነርቭ ስለተነካ ነው። ሐኪሙ አብዛኛው እንዲህ ዓይነት ጉዳት በወራት ውስጥ ራሱ እንደሚመለስ ነግሮታል፤ ደስ ብሎናል። ነርቭ ግን በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። እስኪደርስ ድረስ አንጓው በድጋፍ ቀና ተደርጎ መያዝ አለበት፤ ጣቶቹም በየቀኑ መንቀሳቀስ አለባቸው። አለበለዚያ ነርቩ ሲመለስ መገጣጠሚያው ደርቆ ይጠብቀዋል። የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ከአጥንት ክፍሉ ጋር አብሮ ተዛውሯል፤ አብሮም ማክሰኞ ሆኗል። ድጋፉን ከየት ያግኝ? ከካርቶንና ከፋሻ ራሱ ሠርቷል። እየሠራ ነው፤ ጎበዝ ልጅ ነው። ግን እንዲህ መሆን አልነበረበትም።

አሸዋ ጫኞቹም አደራ ብለውናል። ወገባቸውን ይዞ እስከ እግር ጣት የሚወርድ ሕመም ለእነሱ የሥራ ነገር ነው፤ አብዛኛው በጊዜና በእንቅስቃሴ ይሻለዋል። ሽንት የከለከለው ወይም መቀመጫው አካባቢ የደነዘዘ ሰው ግን ድንገተኛ ነው። በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ ይህን የመለየት ግዴታ የለበትም። ማክሰኞ ና ብሎ የመመለስ ሥልጣንም ሊኖረው አይገባም።

ስለ ብረት ባጭሩ። ጭኑ የተሰበረ ሰው ብረት ከገባለት በቀናት ውስጥ በክራንች ይነሳል። ካልገባለት ክብደት ታስሮለት ሁለት ሦስት ወር ይተኛል። ብዙዎቻችን የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካርድ አለን፤ በየዓመቱም እናድሳለን። ብረቱ ላይ ሲደርስ ግን «የለም፤ ከውጭ ግዙ» ነው። መድኑ ምን እንደሚሸፍን፣ ከውጭ የገዛ ሰው ደረሰኙን ይዞ የት መሄድ እንዳለበት አንድ ሰው በግልጽ ቢነግረን በሬ ከመሸጣችን በፊት እናውቅ ነበር።

ምን እንደምትመልሱልን እንገምታለን። «የአጥንት ስፔሻሊስት እጥረት አለ» ትላላችሁ። አለ፤ እናውቃለን። ያሉትም ቀዶ ሕክምና ክፍል ውለው ማታ ዙር እንደሚዞሩ እናያለን። ግን እኛ ሐኪሙን በየቀኑ አምጡልን አላልንም። የሕፃን ጀሶ ማሰር የሠለጠነ ነርስ ወይም ፊዚዮቴራፒስት የሚሠራው ሥራ ነው። የጠበቀ ጀሶ መሰንጠቅ ስፔሻሊስት አይፈልግም። ቁስል ማየትና ስፌት መፍታትም እንዲሁ። ሐኪሙ ማክሰኞ ይግባ። ጀሶ ክፍሉ ግን ሐኪሙ በሌለበትም ክፍት መሆን ይችላል፤ ቀድሞም እንደዚያ ነበር፤ ያኔም ስፔሻሊስት አልተረፈንም።

ስለዚህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የአጥንት ክትትሉ፣ ጀሶ ክፍሉና ፊዚዮቴራፒው ወደ ምድር ቤት ይመለሱልን። ይህን ያስቀደምነው ወጪ የሌለው ስለሆነ ነው።

ጀሶ ክፍሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይከፈት። በሌሊትና በበዓል ቀንም ጀሶ የሚከፍት ሰው ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ይመደብ፤ መቁረጫውም እዚያ ይቀመጥ። ጀሶው ጠብቆት የመጣ ሰው ካርድ ከማውጣቱ በፊት ይታይ።

የቆልማማ እግር ሕፃናት የራሳቸው ቋሚ ቀን ይኑራቸው። ቀኑ በዓል ከዋለ በማግስቱ ይተካ። በጀልባ ለሚመጡ እናቶች ወረፋ ይያዝላቸው። ጀሶውም እዚያው ይፈታ፤ እግሩ አንድ ሳምንት ባዶውን እንዳይከርም። የቀሩት ልጆች በስልክ ይፈለጉ።

ጀሶ ለሚታሰር ሰው ሁሉ የአደጋ ምልክቶቹ ባንድ ገጽ አማርኛ ይሰጡት። ማንበብ ለማይችል በቃል ይነገረው።

በአካባቢው ያሉ ወጌሾችን ጠርታችሁ አነጋግሯቸው። ምን መንካት እንደሌለባቸው፣ መቼ ቶሎ መላክ እንዳለባቸው አሳዩአቸው። በስድብ የተመለሰ ወጌሻ የለም።

የጣቶቹ ነገር ያልተስተካከለው ልጅ ቤተሰብ ምን እንደተፈጠረ በጽሑፍ ይነገረው። ለቀጣይ ሕክምናውም ሆስፒታሉ ሪፈር ጽፎ ይከታተለው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለስብሰባ ከጠራችሁንም ተወካዮቻችን ይመጣሉ። ከመካከላቸው ሁለቱ በክራንች፣ አንዷ በዊልቸር ስለሆኑ ስብሰባው ምድር ቤት እንዲሆንልን ከወዲሁ እናስታውቃለን።

ከአክብሮት ጋር፤

የአጥንት ክትትል ታካሚዎች፣ የቆልማማ እግር ሕፃናት ወላጆችና የአስታማሚዎች ተወካዮች
ባሕር ዳር